ምዕራፍ 6፦ ማመልከቻውን የሚቀበለው መስኮት

ወረዳ ጽሕፈት ቤት ሄዶ ጉዳይ ያስፈጸመ ሰው ሁሉ ሥርዓቱን ያውቀዋል። ባለጉዳይ መዝገብ ቤት ገብቶ ፋይሉን ራሱ ከመደርደሪያ አያወርድም። መስኮት ላይ ይቆማል፤ ማመልከቻውን ያስገባል። ከመስኮቱ ጀርባ ያለችው ሠራተኛ ማመልከቻው በደንቡ መጻፉን አይታ ወደ ውስጥ ትመራዋለች። የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ፋይሉ የቱ መደርደሪያ ላይ እንዳለ ያውቃልና ያወጣዋል። መልሱም በዚያው መስኮት ይመለሳል። መዝገብ ቤቱ ሰፊ ይሁን ጠባብ፣ መደርደሪያው የብረት ይሁን የእንጨት፣ ባለጉዳዩ አያውቅም፤ ማወቅም አይጠበቅበትም። የሚጠበቅበት ማመልከቻውን ያ ቤት በሚቀበለው መልክ መጻፍ ነው።

ይኸው ማመልከቻ ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ቢወሰድስ? ጉዳዩ እውነተኛ፣ ጽሑፉ ያማረ፣ ፊርማው የተሟላ ሊሆን ይችላል። የዚያኛው ቤት ቅጽ ሌላ ከሆነ ግን «ይህ እኛ ዘንድ አይሠራም» ተብሎ ይመለሳል።

የእህቴ ልጅ አካውንቲንግ ልትማር ኮሌጅ በገባችበት ሰሞን ላፕቶፕ ልንገዛላት ተነሣን። ቤተሰቡ ያዋጣው ገንዘብ ለአዲስ ማሽን የሚበቃ ስላልነበረ ያገለገለ መግዛታችን ቁርጥ ነበር። ገበያ ከመውጣታችን በፊት ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛ አጠገቤ ተቀመጠችና፣ «ጋሼ፣ ሊኑክስ ብጭንበት የምፈልገው ሁሉ ይሠራልኛል?» አለችኝ።

ጥያቄዋ በአንድ ቃል አይመለስም። መልሱን ራሷ እንድታገኘው የሚያደርግ አንድ ሐሳብ ግን አለ። ፕሮግራሙ ግሩም፣ ማሽኑም ውድ ቢሆን፣ በመካከላቸው ያለው መስኮት ላይ ካልተስማሙ አንዱ ለሌላው አይጠቅምም። ይህን የያዘ ሰው የትኛው ፕሮግራም እንደሚሠራ፣ የትኛው እንደማይሠራ፣ የትኛው ርካሽ ላፕቶፕ እንደሚያዋጣ በራሱ አመዛዝኖ መፍረድ ይችላል።

ባለጉዳይ፣ መስኮት፣ መዝገብ ቤት

በምዕራፍ 4 ስለ ሥርዓተ ክወናና ስለ እምብርቱ ስለ ከርነል ተነጋግረናል። ሥርዓተ ክወና በፕሮግራሞችና በማሽኑ አካላት መካከል ቆሞ የሚያገናኝ ሶፍትዌር ነው፤ ዊንዶውስ አንዱ ነው፣ ሊኑክስ ሌላው። አሁን በምሳሌያችን ቦታ ቦታቸውን እናስይዛቸው። መዝገብ ቤቱ ማሽኑ ነው፦ ዲስኩ፣ ስክሪኑ፣ ድምፅ ማጉያው፣ የዋይፋይ ካርዱ። ባለጉዳዩ ፕሮግራሙ ነው፦ መጻፊያው፣ የሒሳብ መያዣው ፒችትሪ፣ ቴሌግራሙ። መስኮቱ ደግሞ ሥርዓተ ክወናው ነው።

ደብዳቤ ጽፈው «አስቀምጥ» የሚለውን ሲጫኑ፣ መጻፊያው ፕሮግራም በእጁ ዲስኩን አይነካም። ወደ መስኮቱ ሄዶ «ይህን ጽሑፍ በዚህ ስም አስቀምጡልኝ» ብሎ ያመለክታል። ዘፈን ሲያጫውት፣ ስክሪን ላይ ሥዕል ሲያወጣ፣ ኢንተርኔት ሲጠራም እንዲሁ ነው። አንድ ተራ ፕሮግራም በየሴኮንዱ እጅግ ብዙ ማመልከቻ ያስገባል።

ብዙ ሰው የዊንዶውስ ፕሮግራም ሊኑክስ ላይ የማይሠራው የማሽኑ ዓይነት ስለተለየ ይመስለዋል። ማሽኑ ግን ያው ነው። ዛሬ ጠዋት ዊንዶውስ የነበረበት ላፕቶፕ ከሰዓት ሊኑክስ ሊጫንበት ይችላል። ፕሮሰሰሩም «ደምር፣ አወዳድር፣ ከዚህ ወደዚያ አዛውር» የሚሉትን ትእዛዞች ከሁለቱም በአንድ ቋንቋ ይቀበላል። የሚለያዩት የማመልከቻው ቅጽ ላይ ነው። የዊንዶውስ ፕሮግራም ፋይል ለመክፈት የሚያቀርበው ጥያቄ አጻጻፉም አድራሻውም የዊንዶውስ ነው፤ ሊኑክስ መስኮት ላይ ሲደርስ የሚያነበው የለም።

ቅጾቹ የተለያዩበት ምክንያት ታሪክ ነው። ሊነስ ቶርቫልድስ የሚባል የ21 ዓመት የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ በነሐሴ 1983 ዓ.ም. አዲስ ሥርዓተ ክወና እየጻፈ መሆኑን ሲያስታውቅ፣ አርአያ ያደረገው ዩኒክስን ነበር። ዩኒክስ እ.ኤ.አ. በ1969 አሜሪካ ውስጥ በቤል ላብራቶሪ የተጀመረ ሥርዓት ነው። ዊንዶውስ በሌላ መንገድ፣ በማይክሮሶፍት ቤት ውስጥ አደገ። ሁለቱ ጽሕፈት ቤቶች ቅጻቸውን ያወጡት ሳይመካከሩ ነው።

ስልክዎ አንድሮይድ ከሆነ ሊኑክስን በኪስዎ ይዘውት ይዞራሉ፤ የአንድሮይድ ከርነል የሊኑክስ ከርነል ነውና። ሆኖም የስልክዎ መተግበሪያ ሊኑክስ ላፕቶፕ ላይ እንዲሁ አይከፈትም። የመዝገብ ቤቱ አያያዝ አንድ ቢሆንም፣ ባለጉዳይ የሚስተናገድበት አዳራሽና መስኮቶቹ ሌላ ናቸውና። «ሊኑክስ» የሚለው ስም አንድ መሆኑ ብቻ ዋስትና አይሆንም፤ ሁልጊዜ የሚጠየቀው «ማመልከቻው ለየትኛው መስኮት ተጻፈ?» ተብሎ ነው።

ይኸው ሐሳብ አንድ ሌላ ነገርም ያስረዳል። ፍላሽ ከኢንተርኔት ቤት ወይም ከፎቶ ኮፒ ቤት ሲመለስ ፎልደሮቹ ሁሉ «ሾርትከት» ሆነው የሚገኙበትን ቫይረስ የማያውቅ ተማሪ ጥቂት ነው። ያ ቫይረስም ፕሮግራም ነው፤ ባለጉዳይ ነው። የተጻፈው ለዊንዶውስ መስኮት ስለሆነ ፍላሹን ሊኑክስ ላይ ቢሰኩት የሚያስተናግደው አያገኝም። የተደበቁት ፋይሎችም ብዙውን ጊዜ ባሉበት ሆነው ይታያሉ፤ ገልብጦ ማዳን ይቻላል። ሊኑክስን የሚያጠቃ የለም ማለት ግን አይደለም። ለሊኑክስ ቅጽ የተጻፈ ተንኮልም አለና ጥንቃቄው አይቀርም።

ደጅ ላይ የተቀመጠው ማመልከቻ ጸሐፊ

ፍርድ ቤት ደጅ ጃንጥላ ዘርግቶ የሚቀመጠውን ማመልከቻ ጸሐፊ ያስታውሱ። ባለጉዳዩ በሚያውቀው ቋንቋ ጉዳዩን ይነግረዋል፤ ጸሐፊው ፍርድ ቤቱ በሚቀበለው መልክ አድርጎ ይጽፍለታል። ሕንፃው አልተቀየረም፤ ባለጉዳዩም አልተቀየረም፤ ቃሉ ብቻ ተተረጎመ።

በሊኑክስ ዓለም ይህን ሥራ የሚሠራው ዋይን የተባለ ነፃ ሶፍትዌር ነው። የዊንዶውስ ፕሮግራም «በዊንዶውስ ደንብ ፋይል ክፈቱልኝ» ሲል ዋይን ይቀበለውና ለሊኑክስ በሊኑክስ ቅጽ ያቀርብለታል። ሌላ ኮምፒውተር መስሎ የሚተውን ሳይሆን ጥያቄን የሚተረጉም በመሆኑ፣ በዋይን የሚሠራ ፕሮግራም ብዙውን ጊዜ ፍጥነቱ አይጎዳም።

ትርጉሙ ግን ቀላል ሥራ አይደለም። ዋይን እ.ኤ.አ. በ1993 ተጀምሮ 1.0 የተባለው እትም የወጣው በ2008 ነው፤ 15 ዓመት። የዊንዶውስ ቅጾች በሺዎች ይቆጠራሉ። ከነዚህ ውስጥ በመጽሐፍ ያልሰፈሩ፣ «እዚህ ቤት እንዲህ ነው የሚደረገው» ተብለው በልማድ ብቻ የሚታወቁ አሉ። የዋይን ሠራተኞች እነዚህን አንድ በአንድ እየሞከሩ ሲማሩ ነው ያን ሁሉ ዓመት የፈጀባቸው። ቫልቭ የተባለው የጌም ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2018 ይህንኑ ሥራ መሠረት አድርጎ ፕሮቶንን አወጣ። እ.ኤ.አ. በ2022 ለገበያ ያቀረበው ስቲም ዴክ የተባለው የእጅ ጌም መጫወቻም ሊኑክስ ላይ ሆኖ እጅግ ብዙ የዊንዶውስ ጌሞችን ያጫውታል።

ጸሐፊው የማይዘልቀው ጉዳይም አለ። አንዳንድ የኢንተርኔት ጌሞች አጭበርባሪ ለመያዝ ሲሉ መስኮቱን አልፈው መዝገብ ቤት ውስጥ ራሳቸው መግባት ይፈልጋሉ፤ ለእንደዚህ ያለው ባለጉዳይ ትርጉም አይረዳውም። አዳዲስ የፎቶሾፕ እትሞች፣ አውቶካድና ፒችትሪም ብዙ ያልተጻፉ ልማዶች ላይ የቆሙ በመሆናቸው በዋይን ይሠራሉ ብሎ መተማመን አይቻልም።

ያን ጊዜ ሁለት መንገድ ይቀራል። አንደኛው በግቢው ውስጥ ሁለተኛ ጽሕፈት ቤት መክፈት ነው። ቨርቹዋልቦክስን በመሰለ ፕሮግራም ሊኑክስ ውስጥ ሙሉ ዊንዶውስ ይጫናል፤ ቦታም ራምም ግን ከሌላው ይካፈላል። ሁለተኛው አንዱን ሕንፃ በፈረቃ መጠቀም ነው። ዲስኩ ለሁለት ይከፈልና ኮምፒውተሩ በተነሣ ቁጥር ዊንዶውስ ወይስ ሊኑክስ ብሎ ይጠይቃል። ይህኛው ራም አያካፍልም፤ በአንድ ጊዜ የሚሠራው ግን አንዱ ብቻ ነው።

ሦስት ክምር

እንግዲህ ወደ እህቴ ልጅ ወረቀት እንመለስ። «ሊኑክስ ይሆነኛል?» የሚለውን ጥያቄ ትተን፣ በሳምንት ውስጥ በኮምፒውተር የምትሠራውን ሁሉ እንድትዘረዝር ነገርኳት። ዝርዝሩ ሲያልቅ በሦስት ከፈልነው።

የመጀመሪያው ክምር ለሊኑክስ መስኮት ራሱን ችሎ የተጻፈ ቅጂ ያለው ነው። ፋየርፎክስ፣ ክሮም፣ ቴሌግራም፣ ዙም፣ ቪኤልሲ እዚህ ይገባሉ። በኢንተርኔት ገጽ የሚሠራ ነገርም ሁሉ እዚሁ ነው። ድረ ገጹ ማመልከቻውን የሚያስገባው ለብራውዘሩ ነው፤ ብራውዘሩ ደግሞ በየትኛውም ሥርዓተ ክወና ላይ አንድ ዓይነት ቅጽ ይቀበላል። ከ20 ዓመት በፊት ያልነበረ ትልቅ እፎይታ ይህ ነው። ኢሜይል፣ የትምህርት ቤት ድረ ገጽ፣ ቪዲዮ ማየት፣ በጉግል ሰነድ ላይ መጻፍ፣ ሁሉም የብራውዘር ጉዳይ ሆነዋል።

ሁለተኛው ክምር ራሱ ባይመጣ ምትክ ያለው ነው። ለወርድና ለኤክሴል ሊብሬኦፊስ፣ ለፎቶሾፕ ጊምፕ ወይም ክሪታ፣ ለኢለስትሬተር ኢንክስኬፕ አለ። እዚህ ላይ ሐቁን መናገር ይገባል፤ ምትክ ማለት ያው ማለት አይደለም። ዓመታት ፎቶሾፕ ላይ የቆየ ዲዛይነር እጁ የለመደውን መንገድ እንደገና መማር አለበት፤ ያም ጊዜ ይወስዳል፣ ጊዜውም ገንዘብ ነው። ደብዳቤና የክፍል ሥራ ለሚጽፍ ተማሪ ግን ልዩነቱ በጥቂት ቀን ይለመዳል።

ሦስተኛው ክምር ቅጂም ምትክም የሌለው ነው። የእህቴ ልጅ ወረቀት ላይ እዚህ የወደቀው አንድ ብቻ ነበር፤ ፒችትሪ። የሒሳብ አያያዝ ለሚማር ሰው ፒችትሪ የሥራ ማስታወቂያ ላይ ሳይቀር የሚጠየቅ ነውና «ተዪው» አይባልም። ስለዚህ መልሱ ወጣ፦ ሊኑክስ ለዕለት ተዕለቱ፣ ዊንዶውስ ለፒችትሪ፣ በፈረቃ።

ሦስተኛው ክምር ባዶ የሆነለት ሰው ያለ ስጋት ይሻገር። አንድ ሁለት ነገር ያለው በፈረቃ ይሂድ። የእንጀራው ሥራ ሁሉ እዚያ ክምር ውስጥ የወደቀበት ሰው ግን ዊንዶውሱን አክብሮ ቢይዝ ይሻለዋል። ሊኑክስን የምወድ ሰው ነኝ፤ የማይሆነውን ሰው ግን ግባበት አልልም።

አንድ ነገር ግን ክብደት ይሰጠው። ኮምፒውተር «ፎርማት» ስናስደርግ አብረው የሚጫኑልን ፕሮግራሞች ብዙ ጊዜ ክራክ የተደረጉ ናቸው፤ የፈቃድ ጠባቂያቸው ተሰብሯል። ክራኩን ለማስነሣት አንቲቫይረስ አጥፉ እንባላለን፤ ማን እንደጻፈው የማናውቀውን ፕሮግራም በገዛ እጃችን በር ከፍተን እናስገባለን። በምዕራፍ 5 ያየነው የነፃ ሶፍትዌር ፈቃድ ይህን ጭንቀት ከሥሩ ያነሣል። ሊብሬኦፊስን ጭኖ መጠቀም፣ ለጓደኛ ገልብጦ መስጠት፣ ትምህርት ቤት ሙሉ መጫን የተፈቀደ ነው። ፈቃዱ ራሱ «ገልብጥና አካፍል» ይላል።

ሰነዱ ተከፈተ፣ ፊደሉ ግን…

መጣጣም የሚያስፈልገው ለፕሮግራም ብቻ አይደለም፤ ለሰነድም ነው። በወርድ የተጻፈ ሰነድ ሊብሬኦፊስ ይከፍተዋል፤ መስመሮቹ ግን አንዳንዴ ተንሸራተው፣ 10 ገጹ 11 ሆኖ ይገኛል። አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ የፊደል ቅርጽ፣ ማለትም ፎንት ነው። ሰነዱ ውስጥ የተቀመጠው የፎንቱ ስም ብቻ ነው። ስሙ የተጠራው ፎንት ማሽኑ ላይ ከሌለ ሌላ ይተካል፤ ተተኪው አንድ ፀጉር ያህል ቢሰፋ በገጽ ሙሉ ጽሑፍ ላይ ተደምሮ መስመር ይገፋል። ለታይምስ ኒው ሮማንና ለኤሪያል ሊበሬሽን የተባሉ፣ ለካሊብሪ ካርሊቶ የተባለ፣ ወርዳቸው በልኩ የተሠራ ነፃ ተተኪዎች አሉ። በዊንዶውስ ቪስታ ጊዜ ለመጣው የግዕዝ ፎንት ለኒያላ ግን እንደዚህ በልኩ የተሰፋ ተተኪ አላየሁም። ስለዚህ አማርኛ ሰነድ የሚለዋወጡ ሰዎች እንደ ኖቶ ወይም አቢሲኒካ ያለ ሁሉም በነፃ የሚጭኑት ፎንት ላይ ቢስማሙ ይጠቀማሉ። የመጨረሻው ቅጂ ደግሞ በፒዲኤፍ ይላክ፤ ፒዲኤፍ ፊደሉን አብሮ ይዞ ይሄዳል።

የበለጠ የሚያስተምረን የቆየ ሰነድ ነው። በድሮ ፓወር ግዕዝ የተጻፈ ደብዳቤ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደልና ምልክት ሆኖ ያየ ሰው ብዙ ነው። በዚያ ዘመን የእኛ ፊደል በኮምፒውተር ውስጥ የራሱ ቁጥር አልነበረውም። ፎንቱን የሠሩት ሰዎች የላቲን ፊደላትን ቁጥር ተውሰው በላዩ የግዕዝን መልክ ሳሉበት። ፎንቱ ሲለይ የተሳለው ይጠፋና ከሥሩ ያለው ላቲን ይወጣል። መዝገብ ቤት ውስጥ የአንዱ ሰው ፋይል በሌላ ሰው ቁጥር እንደተቀመጠ ማለት ነው፤ ምሥጢሩን የሚያውቀው ሠራተኛ እስካለ ድረስ ይገኛል፣ እሱ ሲሄድ ጠፋ ማለት ነው።

ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መዝገብ እ.ኤ.አ. በ1999 በ3.0 እትሙ ለግዕዝ ፊደል የራሱን ቁጥር ሰጠው። ሀ 4608 ሆነች፣ ለ 4616። ከዚያ ወዲህ በዩኒኮድ የተጻፈ አማርኛ በዊንዶውስም፣ በሊኑክስም፣ በስልክም ያው አማርኛ ነው። ሊኑክስ ላይ ለመጻፍ ኪይማንን ወይም አይባስ የተባለውን የመጻፊያ ሥርዓት ከኤም17ኤን ጥቅሉ ጋር መጫን ይበቃል፤ የላቲኑን «ኤስ» እና «ኢ» ሲነኩ ሰ፣ «ኤል» እና «ኤ» ሲነኩ ላ ይወጣል። በድሮው መንገድ የተጻፈ ማኅደር ያለው ሰው ወይም መሥሪያ ቤት ፎንቱና ፕሮግራሙ ገና በእጁ እያሉ ወደ ዩኒኮድ ቢያዛውረው ለራሱም ለተተኪውም ውለታ ይውላል።

መደርደሪያውን የሚያውቀው ሠራተኛ

እስካሁን ያየነው ከመስኮቱ ወዲህ ያለውን ነው። ከመስኮቱ ወዲያ፣ መዝገብ ቤቱ ውስጥ፣ ሌላ ስምምነት አለ። የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ መደርደሪያዎቹን ካላወቃቸው ማመልከቻው ምንም ቢያምር ፋይሉ አይወጣም። ይህ ሠራተኛ ድራይቨር ይባላል፤ አንድን የማሽን አካል እንዴት ማዘዝ እንደሚቻል የሚያውቅ ትንሽ ሶፍትዌር ነው።

በዊንዶውስ ዓለም የዋይፋይ ካርድ የሚያመርተው ኩባንያ ሠራተኛውን አሠልጥኖ ይልካል። በሊኑክስ አብዛኞቹ ሠራተኞች አስቀድመው ከርነሉ ውስጥ ተቀጥረው ይቀመጣሉ። ኢንቴልንና ኤኤምዲን የመሰሉ አምራቾች የአካሎቻቸውን አሠራር ስለሚያካፍሉ፣ ራሳቸውም ድራይቨር ስለሚጽፉ፣ የእነሱ አካላት በአብዛኛው እንደተጫኑ ይሠራሉ። አሠራሩን የደበቀ አምራች ሲያጋጥም ግን በጎ ፈቃደኞች ጨለማ ውስጥ መደርደሪያ እየዳሰሱ መማር አለባቸው። ያም ዓመታት ይፈጃል።

ድሀውን የሚጠቅመው ነገር ከዚህ ይወጣል። ዛሬ ከፋብሪካ ወጥቶ ዛሬ የተገዛ ሞዴል ለሊኑክስ ሠራተኞች እንግዳ ሊሆን ይችላል፤ ከተመረተ ጥቂት ዓመት የሆነውን ግን ጓዳ ጎድጓዳውን ለምደውታል። ዕድሜ ዋጋውን ያወርደዋል፣ ያው ዕድሜ ከሊኑክስ ጋር ያስማማዋል። በተለይ ለመሥሪያ ቤት የሚሸጡት፣ የሌኖቮ ቲንክፓድ፣ የዴል ላቲቲዩድ፣ የኤችፒ ኤሊትቡክ፣ በብዛት የተመረቱና አካላቸው የሚፈታ ናቸው። ብዙዎቹም ኡቡንቱ ለተባለው የሊኑክስ ዓይነት ይፋዊ ማረጋገጫ አላቸው። ከዱባይና ከአሜሪካ ያገለገሉ ሆነው ገበያችን ከሚደርሱት መካከል እነዚህን ማግኘት አያስቸግርም።

ጥንቃቄ የሚሹትን በአጭሩ ልጥቀስ። የብሮድኮም ዋይፋይ ካርድ ብዙ ጊዜ ተጨማሪ ድራይቨር ይጠይቃል፤ የኢንቴል ቢሆን ይመረጣል። የኤንቪዲያ ግራፊክስ ይሠራል፤ ነገር ግን ጌም ወይም የሦስት አቅጣጫ ሥዕል ለማይሠራ ሰው ትርፍ ወጪና ትርፍ ጣጣ ነው። የጣት አሻራ ማንበቢያ ይሠራል ብለው አይተማመኑ። ፕሪንተር ላይ ኤችፒ ለሊኑክስ የራሱን ድራይቨር ስለሚያቀርብ ይቀላል። ዋይፋዩ አልነሣ ያለ ቀን ደግሞ አንድሮይድ ስልክዎን በገመድ ሰክተው ኢንተርኔቱን ያካፍሉት፤ በአብዛኛው ያለ ምንም ጭነት ይሠራል፣ የጎደለውን ድራይቨርም በዚያው ማውረድ ይቻላል።

ገንዘቡ የት ላይ ይዋል

ሻጭ «ኮር አይ5 ነው» ሲልዎ ገና ምንም አልነገረዎትም። አይ5-2520ኤም እ.ኤ.አ. የ2011 ሲሆን ሁለት ኮር አለው፤ አይ5-8250ዩ እ.ኤ.አ. የ2017 ሲሆን አራት። የሚጠየቀው ከሰረዙ ቀጥሎ ያለው ቁጥር ነው፤ እሱ ትውልዱን ይነግራል።

ትውልዱ ለዊንዶውስም ወሳኝ ሆኗል። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደኅንነት ቺፕ ይፈልጋል፤ በኢንቴል በኩልም በአብዛኛው ከ8ኛ ትውልድ በታች ያለውን አይቀበልም። በዚህ ምክንያት 6ኛና 7ኛ ትውልድ ላፕቶፖች «ጊዜ ያለፈባቸው» ተብለው ይጣላሉ። ማሽኖቹ ግን አልደከሙም፤ አንድ መስኮት ተዘጋባቸው እንጂ። የሊኑክስ መስኮት ክፍት ነው። ሦስተኛ ክምሩ ባዶ የሆነ ሰው እነዚህን በደስታ ይግዛ፤ ዊንዶውስንም በፈረቃ የሚፈልግ ግን ከ8ኛ ትውልድ አይውረድ።

በምዕራፍ 2 ራምን ከጠረጴዛ፣ ዲስክን ከመደርደሪያ ጋር አመሳስለን ነበር። ገንዘብ ሲያጥር በመጀመሪያ የሚሻሻለው መደርደሪያው ነው። የሚሽከረከር ሀርድ ዲስክ አንዲት ፋይል ፈልጎ ለማግኘት የሴኮንድ አንድ መቶኛ ገደማ ይፈጅበታል፤ የማይሽከረከረው ኤስኤስዲ የዚያን መቶኛ ያህል ብቻ። «አርጅቷል፣ ይንቀራፈፋል» የተባለ ላፕቶፕ ኤስኤስዲ ሲገባለት እንደ አዲስ የሚነሣው ለዚህ ነው። ቀጥሎ ራም። ሊኑክስ ሚንት የተባለው ዓይነት በ2 ጊጋባይት ይነሣል፤ ብራውዘር ላይ ብዙ ገጽ ለሚከፍት ሰው ግን 8 ጊጋባይት ምቹ ነው። ከዚያ ባትሪ። መብራት ድንገት በሚሄድበት ሰፈር ደኅና ባትሪ ያለው ላፕቶፕ ሥራውን ይዞ ይቆያል፤ ዴስክቶፕ የሚገዛ ግን የመጠባበቂያ ባትሪውንም ዋጋ አብሮ ያስላ።

የማስጠነቅቀው አንድ ነው። አዲስ ሆኖ በጣም ርካሽ፣ 4 ጊጋባይት ራሙ ቦርዱ ላይ የተበየደ፣ ማስቀመጫው 64 ጊጋባይት ብቻ የሆነ ላፕቶፕ በካርቶኑ አይማርክዎት። ነገ የሚጨመርለት የለም። በዚያው ዋጋ የሚገኝ ያገለገለ የመሥሪያ ቤት ላፕቶፕ ነገ ራም ይጨመርለታል፣ ዲስኩ ይቀየርለታል።

ፍላሽ ይዞ ገበያ መውጣት

አሁን የዚህ ሁሉ ንግግር ፍሬ የሆነው ነገር። ሊኑክስን ማሽኑ ላይ ሳይጭኑ ከፍላሽ ማስነሣት ይቻላል። ሚንት ወደ 3 ጊጋባይት፣ ኡቡንቱ ወደ 6 ጊጋባይት ስለሚሆን ዳታ ቢከብድዎ ካለው ሰው ይገልብጡ፤ ፈቃዱ ይፈቅዳል። 8 ጊጋባይት ወይም ከዚያ በላይ በሆነ ፍላሽ ላይ ይዘጋጃል። ሱቅ ውስጥ ላፕቶፑን አጥፍቶ፣ ፍላሹን ሰክቶ፣ ሲነሣ በሌኖቮና በዴል ኤፍ12ን፣ በኤችፒ ኤፍ9ን መጫን ነው። «ጫን» የሚለውን እስካልነኩ ድረስ የሻጩ ዲስክ አይነካም።

ከዚያ እያንዳንዱን የመዝገብ ቤት ሠራተኛ በየተራ ይጠይቁ። የዋይፋይ ስሞች ዝርዝር ይወጣል? ድምፅ አለ? ካሜራው ያሳያል? የስክሪኑ ብርሃን ከፍ ዝቅ ይላል? ክዳኑን ዘግተው ሲከፍቱ ተኝቶ ይነቃል? «ዲስክስ» የሚባለው መሣሪያ የዲስኩን ጤና፣ የኃይል መቆጣጠሪያው ባትሪው ከመጀመሪያ ዐቅሙ ስንት መቶኛ እንደቀረው ይነግርዎታል። ሩብ ሰዓት አይፈጅም። ገንዘቡ ገና በኪስዎ ነው።

እኔና የእህቴ ልጅ ያደረግነው ይህንኑ ነው። የመጀመሪያው ላፕቶፕ ቀጭን፣ የሚያብለጨልጭ ነበር፤ የእሷም ልብ እዚያ ላይ ነበር። ፍላሹን ሰካችው፣ ተነሣ፣ የዋይፋዩ ዝርዝር ባዶ ሆኖ ቀረ። ሁለተኛው ወፈር ያለ፣ ክዳኑ የተጫረ፣ 8ኛ ትውልድ ነበር። ዋይፋዩ ወዲያው ወጣ፤ ድምፁ፣ ካሜራው፣ እንቅልፉ ሁሉ ልክ ሆነ። ዋጋውም ያነሰ ነበር። ዊንዶውሱ ከፋብሪካ ከነፈቃዱ የመጣ ስለነበር ለፒችትሪ የዲስኩን ሲሶ ተወችለት፤ የቀረው የሊኑክስ ሆነ።

ሻጩ ከባንኮኒው ወዲያ ሆኖ ሁሉንም ሲመለከት ቆይቶ ነበር። ገንዘቡን ቆጥሮ ሲያበቃ፣ «እህቴ፣ ያቺን ፍላሽ ለእኔም ትገለብጪልኛለሽ? ዕቃ ስረከብ ልፈትሽባት» አላት። እሷ ዘወር ብላ አየችኝ። በምዕራፍ 5 የተነጋገርነውን እሷም ታውቀዋለች፤ ፈቃድ መጠየቅ አላስፈለጋትም። ባዶ ፍላሽ ከሻጩ ተቀብላ፣ ገና በገዛችው ላፕቶፕ ላይ ሰክታ መገልበጥ ጀመረች።